ጉሎን ነዳጅ ያልን ጊዜ

ኮክስ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለልጆች አውሮፕላን ብሎ የሠራት ሞተር ከአውራ ጣት ብዙ አትበልጥም። የሲሊንደሯ ይዘት አንድ ሲሲ አይሞላም፤ ስትነሣ ግን በደቂቃ ከ15 ሺህ ዙር በላይ ትሽከረከራለች። እንዲህ ያሉ አሮጌ የሞዴል አውሮፕላን ሞተሮችን ከየሳጥኑ እያወጡ፣ ዝገታቸውን እያጸዱ ዛሬም የሚያስነሡ ሰዎች በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በእስያ ብዙ ናቸው። ሞተሩ እጃቸው እንደገባ መጀመሪያ የሚጠይቁት ምን ነዳጅና ምን ዘይት እንደሚስማማው ነው። ለአብዛኞቹ ሞተሮች በመልሱ ውስጥ አንድ የማይቀር ነገር አለ፤ የጉሎ ዘይት።

ጉሎን እናውቀዋለን። በጎጃም፣ በአዴት ከየጓሮው፣ በፍኖተ ሰላም ከየቦዩ ዳር፣ በቡሬ ከየፍርስራሹ ጥግ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። እሾሃማው ሽፋኑ ሲደርቅ ይፈነዳና ዥንጉርጉር ፍሬውን መሬት ላይ ይረጫል። ፍሬውን ወቅጠው ምጣድ ያሟሹበት እናቶች፣ ጠፍርና ቆዳ ያለሰለሱበት አባቶች፣ ሆዳቸው ሲደርቅ ዘይቱን የጠጡ አያቶች አሉን። ከዚያ አልፈን ግን ቁም ነገር አልሠራንበትም።

ይህን የሚያስጽፈኝ ቁጭት ነው። የዓለም ሞተሮች ከመቶ ዓመት በላይ የፈለጉት ዘይት በአጥራችን ሥር ሲረግፍ ኖሯል፤ እኛም እየረገጥነው አልፈናል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ አንድ ጊዜ ዓይናችንን ገልጠን ጉሎን ያየነው ዕለት ያየነው በተሳሳተ ስም መሆኑ ነው። ዘይት የሆነውን ነገር ነዳጅ አልነው። የሞዴል ሞተር ያለው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሚያውቀውን ልዩነት አገር ሳያውቀው ቀረ።

ልዩነቱ ግልጽ እንዲሆን ሞተሮቹ የሚጠጡትን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል።

አሮጌ የሞዴል አውሮፕላን ሞተሮች በሦስት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ እንደ መኪና ሞተር በካንዴላ ብልጭታ የሚሠሩ ናቸው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ በብዛት ተሠርቶ የተሸጠው ብራውን ጁኒየር የዚህ ወገን ነው። ሦስት ወይም አራት እጅ ንጹሕ ቤንዚን ላይ አንድ እጅ ቁጥር 70 የሚባለው ወፍራም የማዕድን ዘይት ይቀላቀልለታል። ይህ ወገን ጉሎ አይፈልግም፤ የጉሎ ዘይት ከቤንዚን ጋር ደኅና አድርጎ አይዋሐድምና።

ሁለተኛው ወገን በ1947 (እ.ኤ.አ.) መጣ። ሬይ አርደን የተባለ አሜሪካዊ ባትሪና ኮይል ተሸክሞ መብረርን የሚያስቀር መላ ለገበያ አቀረበ፤ ውስጧ የተጠቀለለ ቀጭን የፕላቲነም ሽቦ ያላት ካንዴላ። ሽቦዋ ሞተሩ ሲነሣ በባትሪ ትግላለች። ከዚያ ባትሪው ይነቀላል፤ ፕላቲነሙም ሜታኖል ሲነካው በሚፈጠረው ኬሚካዊ ለውጥና በራሱ በሞተሩ ሙቀት እንደጋለ ይቆያል። ስለዚህ ነዳጁ የግድ ሜታኖል ሆነ። ሜታኖል ደግሞ የማዕድን ዘይትን አይቀበልም፤ ቢቀላቅሏቸው ለየብቻ ይቆማሉ። የጉሎ ዘይት ግን ሙሉ በሙሉ ይሟሟበታል። ፎክስ 35ን የመሳሰሉት የድሮ ሞተሮች ፒስተናቸው ብረት፣ ዘንጋቸውም ኩሽኔታ በሌለው የነሐስ ቡሽ ውስጥ የሚዞር ስለሆነ ከነዳጃቸው ሩብ ያህሉ የጉሎ ዘይት እንዲሆን ይመከራል። ቀሪው ሜታኖል ነው፤ ጉልበት የሚጨምረው ናይትሮሜታን ከገባበትም 5 በመቶ ቢሆን ይበቃል። ኋላ የመጡት ባለ ኩሽኔታ ሞተሮች በ18 ወይም በ20 በመቶ ዘይት ይሠራሉ፤ ከዚያም የተወሰነው ሰው ሠራሽ ዘይት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ወገን ካንዴላ የሌለው፣ አየሩን በማመቅ ብቻ የሚነሣው የሞዴል ናፍጣ ሞተር ነው። አውሮፓውያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በብዛት ሠርተውታል። ናፍጣ ይባል እንጂ የሚሰጠው ኢተር፣ ላምባና የጉሎ ዘይት ሲሶ ሲሶ ተቀላቅለው ነው። ኢተሩ ቶሎ ይቀጣጠላል፤ ላምባውንና የጉሎ ዘይቱንም የሚያስማማቸው እሱ ነው።

ጉሎ በኋለኞቹ ሁለት ወገኖች ውስጥ ይህን ያህል የተፈለገበት ምክንያት ኬሚስትሪው ነው። ከስብ አሲዱ 90 በመቶ ገደማ የሚሆነው ሪሲኖሊክ አሲድ ይባላል። በዚህ ሞለኪውል ላይ ያለችው የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ በኑግ፣ በሰሊጥም ሆነ በጎመን ዘር ዘይት ውስጥ በዚህ መጠን አትገኝም። ዘይቱን ወፍራም የምታደርገው፣ ከብረት ጋር አጥብቃ የምታያይዘው፣ በአልኮልም እንዲሟሟ የምታደርገው እሷ ናት። ሞተር ያለ ልክ ሲግል ብዙው ዘይት ተንኖ ወይም ተቃጥሎ ብረቱን ራቁቱን ይተወዋል። የጉሎ ዘይት ግን ሲግል እርስ በርሱ እየተያያዘ ይወፍርና ብረቱ ላይ ይቆያል። አብራሪው የነዳጅ መርፌውን አጥብቆ ድብልቁን ቢያሳሳው እንኳ ሞተሩ እንዳይነክስ የሚያደርገው ይህ ነው። ዋጋም ያስከፍላል፤ ፒስተኑ ላይ ቡናማ ሙጫ ይጋግራል፣ ሳይሠራ የከረመ ሞተርም በሙጫው ተጣብቆ ይገኛል። ሙጫው ግን ታጥቦ ይለቃል፤ የተላጠ ሲሊንደር አይመለስም። ስለዚህ ልባም ባለሞተር ሁልጊዜ ከጉሎ ጎን ይቆማል።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚቃጠለው ሜታኖሉ፣ ኢተሩና ላምባው ነው። የጉሎው ሥራ ብረትን ከብረት መጠበቅ ነው። እንደ ነዳጅ ቢታይ ሰነፍ ነው። እንደ ዘይት ግን አቻ አልነበረውም።

ባለሞተሮቹ የሚገዙት ጉሎ ታዲያ እንዲያው የተጨመቀ ሁሉ አይደለም። ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፤ ከመጀመሪያው ጭምቅ የወጣ፣ ሙጫው የተወገደለት፣ ውሃ የሌለው። ሜታኖል ራሱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ የዘይቱ ውሃ ሲጨመርበት ሞተሩ ይበላሻል። ከአዴት አጥር እስከ ሞተሩ ታንክ ያለው ርቀት ይህ ነው፤ አንድ መጭመቂያ፣ አንድ ማጣሪያ፣ ጥራቱን ለክቶ የሚፈርም አንድ ላቦራቶሪ። ይህን ርቀት ነው በመቶ ዓመት ውስጥ ያልተጓዝነው።

መቶ ዓመት ስል አላጋነንሁም። የሞዴል ሞተር ሰዎች ጉሎን የወረሱት ከትልልቆቹ አውሮፕላኖች ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝና የፈረንሳይ ተዋጊ አውሮፕላኖችን ያበረሩት ኖም፣ ለ ሮንና ክለርዤ የተባሉ ሞተሮች ሲሊንደሮቻቸው ከፕሮፔለሩ ጋር አብረው የሚሽከረከሩ ነበሩ። ቤንዚኑ በሞተሩ ሆድ ውስጥ አልፎ ስለሚሄድ በቤንዚን የማይቀጥን ዘይት ያስፈልጋቸው ነበር፤ ይህም ጉሎ ሆነ። ዘይቱ አንዴ ሞተሩን ካዳረሰ በኋላ ተመልሶ አይገባም፤ ወደ ውጭ ይረጫል፤ በየሰዓቱም ሊትር በሊትር ላይ ይፈጃል። ጀርመን ባሕር ተዘግቶባት ጉሎ ስታጣ በምትኩ የሠራችው ዘይት የእነዚህን ዓይነት ሞተሮቿን ያቃጥላቸው ጀመር፤ ዝነኛው ባለ ሦስት ክንፍ ፎከርም ከዚህ ጉዳት አልዳነም። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ከ100 ሺህ ኤከር በላይ ጉሎ እንዲዘራላት በ1918 (እ.ኤ.አ.) ከገበሬዎች ጋር ውል ገባች። በጦርነት ላይ ያሉ ኃያላን መንግሥታት ጉሎ ፍለጋ ዓለምን ያስሱ ነበር።

በዚያው ጊዜ ኢትዮጵያ ነፃ አገር ነበረች። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1917 (እ.ኤ.አ.)፣ ማለትም የጉሎ ፍላጎት ጣሪያ በነካበት ሰዓት ነው። ከጎጃም ዓባይን በበቅሎ ተሻግሮ ጭነት ማውጣት ከባድ እንደነበር አልክድም። ሰምና ቆዳ ግን ይሻገር ነበር። ጉሎን ከሰምና ከቆዳ ጋር የጫነ ነጋዴ፣ ጫነው ያለ ሹም ስለመኖሩ አልሰማሁም። ጦርነቱ አለቀ፤ እነዚያ ሞተሮችም ጊዜያቸው አለፈ። የመጀመሪያው ዕድል ሳናውቀው መጣ፤ ሳናውቀው ሄደ። ባለማወቅ የሄደ ስለሆነ ይህን ይቅር እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ግን የሚነግረን አላጣንም። በ1927 (እ.ኤ.አ.) ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ኢትዮጵያን ዞሮ ዘር ሰበሰበ። አገራችንን የዓለም ሰብሎች ከተገኙባቸው ማዕከላት አንዷ ብሎ ሲጽፍ፣ ከጤፍና ከኑግ ጋር ጉሎንም ቆጠረ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ አረፈች። በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 አስመጥቶ ወደ ጄት ዘመን ገባ። የመጀመሪያዎቹ ሰው ሠራሽ የጄት ሞተር ዘይቶች በብዛት የተሠሩት ከሴባሲክ አሲድ ነበር። ሴባሲክ አሲድ የሚወጣውም ከጉሎ ዘይት ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ ከዚሁ ዘይት ናይለን 11 የሚባለውን ጠንካራ ፕላስቲክ አወጡ፤ የመኪና የነዳጅ መስመርና የከባድ መኪና የአየር ፍሬን ቱቦ ይሠራበታል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የሚወርድ ሾፌር ሕይወቱን አደራ የሚሰጠው እንዲህ ላለው ቱቦ ነው። አፍሪካ ውስጥ በአየር መንገዱ የሚኮራ አገር፣ ጉሎ ከየአጥሩ የሚበቅልለት አገር፣ ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ብልቃጥ ሳይሞላ ቀረ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ሌላው አገር ምን አደረገ? ሕንድን እንይ። ጉጃራት ዝናቡ አጭር፣ ብዙው መሬቱ ደረቅ የሆነ ክፍለ ግዛት ነው፤ ከቡሬ ቀይ አፈር፣ ከላህና ከብር ወንዞች ጋር አይወዳደርም። ተመራማሪዎቹ ከቴክሳስ ሴቴ አበባ ብቻ የሚያወጣ የጉሎ ዘር አስመጡ፤ ከራሳቸው ዘር ጋር አዳቀሉት። በ1968 (እ.ኤ.አ.) ጂሲኤች 3 የተባለውን የመጀመሪያ ድቅል ጉሎ ለገበሬ አደረሱ። ከዚያ ድቅል በድቅል እየተካ፣ ምርት እየጨመረ ሄደ። ከዘሩ ጎን የመጭመቂያ ፋብሪካ ተከሉ፤ ከመጭመቂያው ጎን የማጣሪያ፤ ከማጣሪያው ጎን የኬሚካል ፋብሪካ። ዛሬ በዓለም ከሚመረተው ጉሎ ከአሥር ስምንት ወይም ዘጠኝ እጁ የሕንድ ነው፤ ከሕንድም አብዛኛው የጉጃራት። እንግሊዝ ወይም ጃፓን ያለ ባለሞዴል ሞተር ዛሬ ጠርሙሱን ሲከፍት የሚያፈስሰው፣ ከሞላ ጎደል፣ የጉጃራት ገበሬ የለቀመውን ነው። የጉጃራት ገበሬ በአዴት ዙሪያ ካለው የይልማና ዴንሳ ገበሬ አይበልጥም። የሚበልጠው ከኋላው የቆመለት ሰው ስላለው ነው።

የእኛ ተራ በ2000 ዓ.ም. መጣ። መንግሥት ከዕፅዋት ነዳጅ ለማውጣት የባዮፊውል ስትራቴጂ አወጣ፤ ጉሎም ጃትሮፋ ከሚባለው የዘይት ተክል ጋር በስሙ ተጠራ። ልብ የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው። ለመቶ ዓመት የተረሳው ጉሎ በመጨረሻ ሲታወስ በነዳጅነት ታወሰ። በዚያው ሰሞን የዓለም የነዳጅ ዋጋ እየናረ ነበር፤ በሐምሌ 2008 (እ.ኤ.አ.) በርሜሉ 147 ዶላር ደረሰ። የውጭ ኩባንያዎች መጡ። አንደኛው በምሥራቅ ሐረርጌ መሬት ወስዶ ለጉሎ ሲመነጥር ከባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ውስጥ ገባ፤ ትልቅ ክርክርም አስነሣ። ሌላው በወላይታ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ እየሰጠ ከገበሬዎች ጋር በውል አሠራ። በዚያው በ2008 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነዳጅ ከ40 ዶላር በታች ወረደ። ሐሳቡ የቆመበት መሠረት ተናደ።

የነዳጅ ዋጋ ባይወርድም መሠረቱ ጠማማ ነበር። የጉሎ ዘይት ወፍራም ነው፤ ወደ ባዮዲዝል ቢለወጥ እንኳ ውፍረቱ ለናፍጣ መኪና ከተፈቀደው እጥፍ ይበልጣል። ዋጋውም በዓለም ገበያ ከፓልምና ከአኩሪ አተር ዘይት ይወደዳል፤ የሚወደደው ለቅባት፣ ለፕላስቲክ፣ ለመድኃኒትና ለመዋቢያ ስለሚፈለግ ነው። ይህን አቃጥሎ መኪና መንዳት፣ ኪሎው በውድ የሚሸጥን ነገር በርካሹ ቦታ ማጥፋት ነው። የሞዴል ሞተር ሰዎች ይህን ሂሳብ ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየጋራዣቸው ሲሠሩት ኖረዋል፤ ነዳጅ እንደ ጉልበቱና እንደ ዋጋው ይለዋወጣል፤ ዘይቱ ግን ብረቱን የሚያድን ነውና ለእሱ አይሰሰትም። እኛ ጉሎን ከቤንዚን ጋር አወዳደርነው፤ ተሸነፈ። ከቅባት ጋር ብናወዳድረው ያሸንፍ ነበር። አልሸሸግም፤ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ።

ከወላይታ የወጣው ውጤት ደግሞ ቁጭቱን ያብሰዋል። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ኢነርጂ ፖሊሲ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በውል ጉሎ የዘሩ ቤተሰቦች የምግብ ዋስትናቸው ካልዘሩት የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ጉሎ ከገባ ምግብ ይጠፋል የሚለው ስጋት በዚያ ቦታ አልደረሰም፤ ከዱቤው ጋር የመጣው ማዳበሪያ ለእህሉም ተርፏል። ገበሬው ፈተናውን አልፎ ነበር። የወደቀው ሐሳቡን በነዳጅ ዋጋ ላይ ያንጠለጠለው ወገን ነው። ጉሎም ከነዳጁ ጋር አብሮ ተቀበረ፤ «ሞክረነው ነበር እኮ፣ አልሠራም» የሚል ሰበብ ብቻ ተረፈ። ከእንግዲህ ጉሎን የሚያነሣ ሁሉ መጀመሪያ ከዚህ ሰበብ ጋር ይታገላል።

አሁን ወደ ጎጃም ልመለስ። ይህ አገር ምን ጎደለው? አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በጤፍ፣ በስንዴ፣ በድንችና በቅባት እህሎች ላይ የሠሩ ሊቃውንት ቤት ነው። ጉሎ የሚጠይቀው ምርምር ከእነሱ ሙያ የራቀ አልነበረም። የአጥር ጉሎ ዛፍ ያህል ይረዝማል፤ ፍሬው በአንድ ጊዜ አይደርስም፤ የደረሰውም ፈንድቶ ይበተናል። አጭር ግንድ ያለው፣ ፍሬውን ይዞ የሚጠብቅ፣ በአንድ ለቀማ የሚገባ ዘር መምረጥ የሁሉም ነገር መጀመሪያ ነው። የዘሩ ዓይነት ደግሞ ከየአጥሩ፣ ከአዴት እስከ ደምበጫ፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ሽንዲ ይገኛል። አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ተዘርቶ፣ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የጎጃም ጉሎ የሚባል የታወቀ ዘር በኖረን ነበር።

ቡሬ ደግሞ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። በ2013 ዓ.ም. እዚያው ቡሬ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የምግብ ዘይት እንዲያመርት የታቀደው የፊቤላ ፋብሪካ ተመርቋል። ጉሎ በምግብ ዘይት መስመር ላይ ይጨመቅ አልልም፤ አይገባውም። ፍሬው ውስጥ ሪሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አለ፤ ከዘይቱ ጋር ባይወጣም በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ፋጉሎው ለከብት አይሰጥም፤ ለማሳ ማዳበሪያ ግን ይሆናል። ጉሎ የራሱ መጭመቂያ፣ የራሱ ሠራተኛ፣ የራሱ መጋዘን ይፈልጋል። ያ ሁሉ ቢሊዮን ብር በፈሰሰበት አካባቢ ለጉሎ አንድ ትንሽ መስመር መክፈት ስንተኛው እጅ ነበር? መንገዱ ተሠርቶ፣ መብራቱ ገብቶ፣ ሕዝቡ ሥራ ሲጠይቅ፣ ጉሎው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ቀረ።

ገበሬው አይቀበለውም የሚል ካለ፣ ወደ አገው ምድር ሄዶ ይመልከት። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ከሰል ገበያ ሲያገኝ ማንም ሳያስገድደው ማሳውን በዲከረንስ ግራር ሸፍኖታል። የሜጫ ገበሬ ምሰሶ የሚገዛው ሲያገኝ ባሕር ዛፍ ተክሏል። የጎጃም ገበሬ ገዢ ካየ ተክል ለመለወጥ ዓመት አይፈጅበትም። ጉሎ ደግሞ የጤፍ መሬት ይልቀቁልኝ አይልም፤ የአጥር ጥግ፣ የቦረቦር አፋፍ፣ የመንገድ ዳር ይበቃዋል። ቋሚ ገንዘብ የማያዩ ሴቶች ከየጓሯቸው በየሳምንቱ ለቅመው ቅዳሜ ገበያ የሚያወጡት ነገር ይሆን ነበር። ይህን ሳስብ የሚታየኝ ትልቅ ሀብት አይደለም። የጨው፣ የሳሙና፣ የደብተር ገንዘብ ነው። በድሃ ቤት የሚጎድል ገንዘብ ይህ ነው፤ ለዘመናት ሲረግፍ የኖረውም ይህ ነው።

የልጆቹም ነገር አለ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ውስጥ ብዙ ልጆች የሞተርን ሥራ ከሰሌዳ ላይ ሥዕል እያዩ ይማራሉ። ከ1 ሲሲ የምታንስ ሞተር በጠረጴዛ ላይ ተፈትታ፣ ተገጥማ፣ ነዳጅና ዘይቷ በልኬት ተቀላቅሎ ስትነሣ እመቃን፣ ቅልቅልን፣ ቅባትን በአንድ ከሰዓት በኋላ ታስተምራለች። ዘይቱን ሲያሳንሱ ምን እንደሚሆን፣ ሲያበዙ ምን እንደሚሆን በዓይን ይታያል። ሜታኖል ቢጠጣ ዓይን የሚያጠፋና የሚገድል፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን የማይታይ ነገር ስለሆነ ጥንቃቄንም አብሮ ያስተምራል። የፍኖተ ሰላም ልጅ የገዛ አጥሩን ፍሬ ጨምቆ፣ አጣርቶ፣ ውሃውን አስወጥቶ፣ ሞተሩ ውስጥ ጨምሮ ሲያስነሣት የኬሚስትሪ፣ የግብርናና የመካኒክ ትምህርት በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ይገናኙለት ነበር። ከእነዚያ ልጆች ውስጥ አንዱ ዛሬ የማጣሪያ ባለሙያ፣ አንዷ የቅባት መሐንዲስ በሆኑ ነበር። ሳይሆኑ የቀሩትን ሰዎች ቁጥራቸውን ማንም አይመዘግብም፤ የዕድል ማባከን ትልቁ ጉዳት በዚህ በማይመዘገበው ውስጥ ነው።

ዛሬ ደግሞ ጎጃም ሰላም አጥቷል። መንገዱ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ገበሬው ማዳበሪያ ማግኘቱን፣ ልጁ ትምህርት ቤት መድረሱን እንኳ እርግጠኛ አይደለም። በዚህ ሰዓት ስለ ጉሎ መናገር ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። እኔ ግን ቁጭቴ በዚህ ጊዜ የባሰው ለዚህ ነው። ሰላም ራሱ ሀብት ነበር፤ መንገዱ ክፍት፣ ምርምሩ ሥራ ላይ፣ ፋብሪካው በመተከል ላይ የነበረበት ዘመን ነበረን። ያ ዘመን ሁልጊዜ የሚቆይ መስሎን አሳለፍነው። በሰላም ጊዜ መጭመቂያ ያልተከለ አካባቢ በጦርነት ጊዜ አይተክልም።

ሕንድ የቀደመችንን ሃምሳ ዓመት ማንም አይመልስልንም፤ የጅምላውን ገበያ ይዛዋለች። የሞዴል ሞተሮችም ቢሆኑ ብዙዎቹ ዛሬ በኤሌክትሪክ ተተክተዋል፤ ለአሮጌዎቹ የሚፈለገው ዘይት ጥቂት ነው። ያለቀውን ያላለቀ ማስመሰል አልፈልግም። የቀረልን በጥራት የሚገባበት ጠባብ በር ነው፤ ለቅባት፣ ለመድኃኒት፣ ለመዋቢያ የሚሆን፣ ከየት አጥር እንደተለቀመ የሚታወቅ፣ ሙጫውና ውሃው የወጣለት ዘይት። ሰላም ሲመለስ ለዚያ የሚያስፈልገው የነዳጅ ስትራቴጂ ሳይሆን በአዴት የተመረጠ ዘር፣ በቡሬ የተተከለ አነስተኛ መጭመቂያ፣ በጥራቱ ላይ ፈርሞ የሚጠየቅ ላቦራቶሪ፣ ገበሬው ጆንያውን ይዞ ሲመጣ በተነገረው ዋጋ የሚረከበው ሰው ነው። እነዚህ አራቱ በየትኛውም ዘመን ከአቅማችን በላይ አልነበሩም። መሬት ነበረን፣ ዘር ነበረን፣ ገበሬ ነበረን። የጎደለን ቃሉን የሚጠብቅ ገዢ ነበር፤ ለዚህ ጉድለት ደግሞ በድርቅም፣ በዓባይ ገደልም፣ በባዕድም ልናሳብብ አንችልም። የራሳችን ነው።